የብድር ስም በ30 ቀን አይታደስም፦ ስለ «ብድር ነጥብ» ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው ሐሙስ የጅማው ኸርማታ ገበያ ሊበተን ሲል፣ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ደንበኛዬ የዝንጅብል ጆንያ ላይ አስቀምጣኝ ስልኳን ሰጠችኝ። «እስቲ ይህን አንብቢልኝ። የማጽጃውን ዋጋ ግን አልጻፉትም፤ ስንት ይሆን?» አለችኝ። የከፈተችልኝ ጽሑፍ የግል የብድር ነጥብን በ30 ቀን ውስጥ ስለማሳደግ የሚመክር ነው። እዚያው አነበብኩት፤ ማታ ቤት ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ የነሳኝ ጽሑፉ መሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ይህች ሴት ምክሩን አምና ገንዘቧን ልታወጣ መዘጋጀቷ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ክሬዲት ካርድ አውጡና ከተፈቀደላችሁ ገደብ ከ30 በመቶ በታች ተጠቀሙ ይላሉ። ተበድሮ የማያውቅ ሰው በባንክ ዘንድ ስም የለውም፤ ስለዚህ በስልክ የሚሰጡትን ትናንሽ ብድሮች ከየአቅጣጫው ደጋግማችሁ ውሰዱ ይላሉ። ዕዳው በመጨረሻ እስከተከፈለ ድረስ መዘግየት አይጎዳም፣ ለሰው ዋስ መሆን የራስን ስም አይነካም፣ እቁብና የዱቤ ደብተር ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው፣ ባንክ ብድር ከከለከላችሁ ነጥባችሁ ወርዷል ማለት ነው ይላሉ። በመጨረሻም ስማቸው ለተበላሸ ሰዎች ገንዘብ ተቀብለው ስም የሚያጸዱ ሰዎች እንዳሉ ይጠቁማሉ።

እኔ ጅማ ውስጥ የነጋዴዎችን ሂሳብ በመያዝ የምተዳደር ሴት ነኝ። ደንበኞቼ የቡና አቅራቢዎች፣ የሸቀጥ መደብር ባለቤቶች፣ በርጩማና አልጋ የሚሠሩ የእንጨት ባለሙያዎች ናቸው። የብድር ወረቀታቸው በእጄ ያልፋል። ጸሐፊውን በክፉ አላስብም፤ ቅን ሰው ይመስሉኛል። ምክራቸው ግን እኛን ሳያይ የተጻፈ ነው።

ከካርዱ ልጀምር። ከ300 እስከ 850 የሚቆጠረው የፊኮ ነጥብ፣ ማለትም ሰው ዕዳውን ምን ያህል እንደሚከፍል ለአበዳሪ የሚገምተው ቁጥር፣ የአሜሪካ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ስሌቱ 35 በመቶ የክፍያ ታሪክን፣ 30 በመቶ ያለብንን የዕዳ መጠን፣ 15 በመቶ የብድር ታሪካችንን ዕድሜ፣ 10 በመቶ አዲስ የተወሰደ ብድርን፣ ቀሪውን 10 በመቶ ደግሞ የብድሩን ዓይነት ስብጥር ይይዛል። መረጃውን የሚሰበስቡት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። ከገደቡ 30 በመቶ በታች ተጠቀሙ የሚለው ምክር የተወለደው እዚያ ነው፤ ለዚያ አገር ሰው ደግሞ ተገቢ ምክር ነው። እኛ ኪሳችን ውስጥ ያለው ካርድ ግን የኤቲኤም ካርድ ነው፤ የሚያወጣልን የራሳችንን ገንዘብ ነው። ደንበኛዬ ካላት ተቀማጭ 30 በመቶውን ብታወጣም ሙሉውን ብታወጣም የብድር ስሟ ላይ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም።

እኛ ዘንድ ያለው ሌላ ነገር ነው። በብሔራዊ ባንክ ሥር የብድር መረጃ ማዕከል አለ። አበዳሪዎች የሰጡትን ብድር እዚያ ያስመዘግባሉ፤ አዲስ ተበዳሪ ሲመጣባቸውም የቀድሞ ታሪኩን ከዚያ ያያሉ። በዋናነት የሚያዩት ዝርዝር ነው፦ ከማን ተበደረ፣ ስንት ተበደረ፣ ምን ያህል ቀረው፣ በቀኑ እየከፈለ ነው ወይስ አሳልፏል። ጸሐፊው ከአሜሪካው ስሌት አንድ ነገር ብቻ ቢያመጡልን ኖሮ 35 በመቶውን፣ ማለትም በቀን መክፈልን፣ ቢያመጡልን በወደድኩ። ከሁሉ የሚከብደውና ለኛም የሚሠራው እሱ ነበር። እሳቸው ግን መዘግየት አይጎዳም ብለው ያንኑ ጣሉት።

ይህ የመዘግየት ነገር ረዘም አድርጌ ልጽፍበት የሚገባ ነው፤ ጅማ ላይ የብዙ ደህና ሰው ስም የሚበላሸው በዚህ ነውና።

በብሔራዊ ባንክ መመሪያ አመዳደብ የባንክ ብድር ክፍያው ካለፈ ከ30 ቀን በኋላ ልዩ ክትትል ከሚደረግባቸው ብድሮች ጋር ይመደባል። 90 ቀን ካለፈው ከተበላሹት ይቆጠራል። 180 ሲያልፍ አጠራጣሪ፣ 360 ሲያልፍ ኪሳራ ይባላል። በእያንዳንዱ እርከን ባንኩ ከራሱ ገቢ ላይ እየጨመረ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ይገደዳል፤ ስለዚህ የእርስዎ መዘግየት ባንኩን ዛሬውኑ ገንዘብ ያስወጣዋል። «በመጨረሻ ከፍዬ የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰሚ የማያገኘው ለዚህ ነው። ቤት መያዣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከስም ያልፋል፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

አንድ የቡና አቅራቢ ደንበኛ አሉኝ፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ከማናና ከሰቃ ገበያዎች ጀንፈል ሰብስበው የሚያቀርቡ፣ ቃላቸው ከወረቀት የሚበልጥ ሰው ናቸው። ገበሬው ያለ ደረሰኝ ቡናውን ጥሎላቸው ይሄዳል። አንድ ዓመት ሰኔ ላይ የ12 ወር ብድር ወሰዱ፤ ውሉ በየወሩ እኩል መክፈል የሚል ነበር። እኔ ውሉን ያየሁት ከተፈረመ በኋላ ነው። ሐምሌ ደረሰ። መጋዘናቸው ስሄድ ሚዛኑ በሸራ ተሸፍኗል፤ ባዶ ጆንያዎች ተጣጥፈው እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ወለሉ ላይ ካለፈው ዓመት የቀረ የቡና ገለባ ብቻ አለ። ጅማ ላይ በሐምሌ የቡና አቅራቢ እጅ ላይ ገንዘብ የለም። እሸቱ የሚለቀመው ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ ነው፤ ጀንፈሉ ደርቆ፣ ተሰብስቦ፣ ተሽጦ ብር የሚሆነው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው።

«ሐጂ፣ ባንክ ሄደው ያነጋግሯቸው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ቡናው ሲገባ ሁሉንም በአንዴ እጥልላቸዋለሁ። እኔ የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም» አሉኝ።

እንዳሉትም ታኅሣሥ ላይ ያለፈውን ሁሉ ከነቅጣቱ አንድም ሳያስቀሩ ከፈሉ። በሳቸው ልብ ጉዳዩ ተዘግቷል። በመዝገቡ ላይ ግን የመጀመሪያው ክፍያ ወደ 150 ቀን ገደማ አልፎት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ባንክ ዘንድ ብድር ሲጠይቁ ወጣቱ የብድር ባለሙያ ያንን መስመር አይቶ ፋይላቸውን ወደ ጎን አደረገው። ሐጂ ከባንኩ ወጥተው ቢሮዬ ሲመጡ የወረቀት ካርቶናቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የአሥር ዓመት ደረሰኝ አለ፤ ብዙው የቡና አቧራ ጠጥቶ ቡኒ ሆኗል። «ይኸው፣ ሁሉም ተከፍሏል» እያሉ አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። እውነት ነው፣ ሁሉም ተከፍሏል። አንዱም ግን በቀኑ አልተከፈለም።

የሐጂን ስም የጎዳው ከገቢያቸው ወቅት ጋር ያልተገናኘ ውል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያደረግነው ይህን ነበር፦ የሦስት ዓመት የባንክ ሂሳብ መግለጫቸውን አወጣን፤ ገንዘብ የሚገባበትን ወራት በቀይ አሰመርኩ። ከዚያ የመክፈያው መርሐ ግብር እስከ ጥቅምት የእፎይታ ጊዜ እንዲኖረው፣ ዋናው ገንዘብ ከኅዳር እስከ የካቲት እንዲመለስ በጽሑፍ ጠየቅን። የመጀመሪያው ባንክ አልተቀበለም። ሁለተኛው መጠኑን ቀንሶ ተቀበለ። ሐጂ ያን ብድር በቀኑ ከፍለው ጨረሱ፤ ዘንድሮ የጠየቁት መጠን ከፍ ያለ ነው። በ30 ቀን የሆነ ነገር አይደለም። ሁለት ሙሉ የቡና ወቅት ፈጅቷል።

መክፈል የማይችል ሰው ካለም ቀኑ ሳያልፍ ደብዳቤ ጽፎ ይሂድ። ቀኑ ሳይደርስ የመጣን ሰው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ያዳምጠዋል፤ ውሉን ለማሻሻልም በር አለው። 90 ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ሰው ግን ሊረዳው ቢፈልግ እንኳ እጁ ታስሯል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ገንዘብ ሲያጣ ስልኩን ያጠፋል፣ በባንኩ ደጅ ማለፍ ያቆማል። እፍረት ነው፤ እፍረቱ ይገባኛል። ጉዳቱ ግን ከእፍረቱ ይበልጣል።

በስልክ ስለሚሰጡት ብድሮች ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዘዋል። ቴሌብር መላ፣ እንደኪሴ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ ያለ ቤት መያዣ የሚሰጡ ናቸው፤ የሰውን የገንዘብ እንቅስቃሴ አይተው የራሳቸውን ነጥብ ያወጣሉ፣ በጊዜ ለሚመልስም ገደቡን ከፍ እያደረጉ ይሄዳሉ። አንዱን ወስዶ ለሥራ አውሎ በቀኑ መመለስ መልካም ነው። ከየአቅጣጫው ደጋግሞ መውሰድ ግን ሌላ ነው። የመመለሻ ጊዜያቸው አጭር ነው፤ የአገልግሎት ክፍያና ወለድ አለባቸው። ኸርማታ ውስጥ ከአንዱ ወስዳ ለሌላው የምትከፍል፣ ለሌላውም ለመክፈል ከሦስተኛው የምትወስድ ሴት አውቃለሁ። የሽንኩርት ትርፏ በሙሉ ለዚህ ዙር ነው የሚያልቀው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ባንክ ደግሞ ብድር ሲሰጥ ከሚያሰላቸው ነገሮች አንዱ ከገቢዎ ላይ ቀድሞ ለዕዳ የሚሄደው ስንት እንደሆነ ነው። አምስት ትናንሽ ዕዳ ያለበት ሰው ለዋናው ብድር የሚተርፍ አቅም የለውም።

ተበድሮ አለማወቅ ነውር የሚመስልበት የጽሑፉ ድምፅም ከንክኖኛል። ጅማ ላይ በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይነካ ሕዝብ ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ስም የለሽ አይደሉም። ዘምዘምና ሂጅራን የመሰሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች አሉ፤ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት ከፍተዋል። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልዎታል። ወለድ የለውም እንጂ የመክፈያ ቀን አለው፤ በቀኑ የሚከፍል ሰው እዚያም ታሪክ ይሠራል።

ዋስትናን በተመለከተ የተጻፈው ፍጹም ስህተት ነው፤ ይህን የምለው ከራሴ ቁስል ተነሥቼ ነው።

በ2010 የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ከአንድ አበዳሪ ተቋም ተበደረ፤ እኔ ዋስ ሆንኩ። ፊርማዬን ያኖርኩት ቡና እየጠጣን፣ ወረቀቱን ሳላነብ ነው፤ ሂሳብ የምሠራው እኔ! ባጃጁ ከመነኸሪያ ፈረንጅ አራዳ እየተመላለሰ ዓመት ያህል ሠራ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነከሰና ቆመ። ልጁ ክፍያውን አቋረጠ፤ እንዳልቆጣው ፈርቶ አልነገረኝም። እኔ ለቤቴ ማጠናቀቂያ ከዚያው ተቋም ብድር ስጠይቅ ሠራተኛዋ የኮምፒውተሯን ገጽ ወደ እኔ አዞረችው። የአክስቴ ልጅ ስም፣ ያለፈው ቀን ብዛት፣ ከሥሩም የእኔ ስም አለ። «እርስዎ ዋስ ነዎት፤ ይህ ካልተዘጋ የእርስዎ አይታይም» አለችኝ። የአራት ወር ክፍያ ከኪሴ ከፈልኩ። ከከፈልኩ በኋላም ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ በመጨረሻ የተሰጠኝ ደብዳቤ ላይ ደግሞ የአባቴ ስም በስህተት ተጽፎ ነበር፤ እሱን ለማስተካከል አራተኛ ጊዜ ሄድኩ።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1725 መሠረት ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቁጥር 1922 መሠረትም ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበት ዋጋ የለውም። ቁጥር 1933 ደግሞ ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ዋስ ነኝ ብሎ የፈረመን ሰው አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ ሊከሰው እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካዩ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ያስቡ። ለወንድም፣ ለጎረቤት ዋስ አንሁን ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ካላደረግን አብረን መኖር አንችልም። ፊርማው ዕዳ መሆኑን አውቀን፣ መጠኑን አይተን፣ ተበዳሪው በየወሩ የከፈለበትን ደረሰኝ እንዲያሳየን ተስማምተን እንፈርም። ዛሬ እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ቅር ያለው ዘመድ የለኝም።

ስለ እቁብ ብዙ አልልም። እቁብ በብድር መረጃ ማዕከል አይመዘገብም፤ ይህን አልክድም። የሚደርሰንን ገንዘብ ባንክ ብናስገባው ግን የሂሳብ መግለጫችን ላይ ይታያል። በየሳምንቱ እቁብ የሚጥል ነጋዴ ገንዘቡን መቆጣጠር የለመደ ነው። የዱቤ ደብተርም ቢሆን በቀንና በስም በንጹሕ ከተያዘ ለብድር ባለሙያ የሚቀርብ የሽያጭ ማስረጃ ነው። እኔ ስንት ጊዜ አቅርቤዋለሁ።

ባንክ የከለከለው ሁሉ ስሙ የተበላሸ ነው ማለትም ሰውን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ፤ ገደቡ በኋላ ከፍ ቢልም በዚያ ጊዜ እንከን የሌለበት ታሪክ ያላቸው ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላው የሚከለከለው መያዣው ስላልበቃ፣ የንግድ ፈቃዱ ስላልታደሰ ወይም ቀድሞ የተከፈለ ብድር እግድ ከቤቱ ካርታ ላይ ስላልተነሣ ነው። የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ሰው ዕዳውን ይጨርስና ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፤ የእግድ ማንሻ ደብዳቤውን ከባንክ ተቀብሎ ማዘጋጃ ቤት ማድረስ እንዳለበት የሚነግረው የለም። ከዓመታት በኋላ ቤቱን ለመያዣ ሲያቀርብ እግዱ እዚያው ተቀምጦ ያገኘዋል። ስለዚህ የተከለከለ ሰው በመጀመሪያ ይጠይቅ፦ በምን ምክንያት? መዝገቡ ላይ ምን አያችሁ?

መዝገቡ ላይ ስህተት ሊኖር ይችላል። የአንድ ሰው ስም አንዱ ባንክ ዘንድ መሐመድ፣ ሌላው ዘንድ ሙሃመድ፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ በቁቤ ሌላ ሆኖ ይጻፋል። የተከፈለ ብድር ሳይዘጋ ይቀራል። መድኃኒቱ ደረሰኙንና ክሊራንሱን ይዞ መረጃውን ወዳስተላለፈው አበዳሪ መሄድ፣ እርማቱን በጽሑፍ መጠየቅና የተቀበሉበትን ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ማስቀረት ነው። አድካሚ ነው፤ ክፍያ ግን የለውም። ፋይዳ ቁጥራችንንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችንን በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት ስም ማስያዝም ብዙ ምልልስ ይቀንሳል።

እንግዲህ ወደ «ማጽጃው» ደረስኩ። ትክክለኛ መረጃን ከመዝገብ ላይ በገንዘብ የሚያወጣ ሕጋዊ ሰው የለም። አወጣለሁ የሚል ሰው ወይ ገንዘቡን ተቀብሎ ይጠፋል፣ ወይም ከፋዩን የወንጀል ተካፋይ ያደርገዋል። የመረጃውን ስህተት ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በነጻ ያሳርማል። የቅመም ነጋዴዋ ደንበኛዬ ለዚህ ሥራ ከእድሯ ልትበደር አስባ ነበር። የሷን ጉዳይ አየሁላት፤ ስሟ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከፍላ የጨረሰችው፣ ተቋሙ ያልዘጋው ብድር። የመጨረሻው ደረሰኝ የእህል ማሰሮ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኝቷል፤ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። በሌላው ነጥብ ላይ ልንከራከር እንችላለን፤ ስለ ስም አጽጂዎች የጻፉትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሡት። የቡና ወቅት እየደረሰ ነው፤ በዚህ ጊዜ ብድር የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ፤ እንደሷ ስልኩን ይዞ ዋጋውን የሚጠይቅም አይጠፋም።